የግራዋን ማር መግዛት፣ ማጥራትና መጠቀም

ልጅ ሆኜ ሆዴን ሲቆርጠኝ እናቴ ጓሮ ወጥታ ሦስት አራት የግራዋ ቅጠል ትቀነጥስ ነበር። በእጇ አሽታ፣ በውኃ ጨምቃ፣ አፍንጫዬን ይዛ ታጠጣኛለች። ያ ምሬት እስከ ማታ ከምላሴ አይለቅም። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በኋላ ሐዋሳ ገበያ አንዲት ሴትዮ "የግራዋ ማር ነው፣ ወንድሜ ቅመሰው" ስትለኝ የቀለደችብኝ መሰለኝ።

ቀመስኩት። ይጣፍጣል። ዋጥ ካደረግኩት በኋላ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀጠን ያለች ምሬት ብቅ አለች። ትንሽ ቆይታ ጠፋች። ደግሜ ቀመስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየዓመቱ እፈልገዋለሁ፤ ሁለቴ ተሸውጃለሁ፣ አንዴ ደግሞ ቁም ሳጥኔን ማር በማር አድርጌዋለሁ። የተማርኩትን እንዲህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ተክሉን እወቁት

ግራዋ የሀገራችን ቁጥቋጦ ነው። ከተዉት ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ሻጭ ካጋጠማችሁ እቢቻ ይለዋል። በሳይንስ ስሙ ቨርኖኒያ አሚግዳሊና ነው፤ ሁለተኛው ቃል ቅጠሉ የለውዝ ዛፍ ቅጠል ይመስላል ለማለት ነው፤ ይሄኛው ለውዝ ግን የኛ ኦቾሎኒ አይደለም። ዘመዶቹን ስታውቁ ንብ ለምን እንደምትወደው ይገባችኋል፦ ኑግ፣ ሱፍና አደይ አበባ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው።

ከሐዋሳ ወጣ ስትሉ፣ በወንዶ ገነትም በይርጋለምም መንገድ፣ በእንሰትና በቡና ጓሮ ዳር እንደ አጥር ቆሞ ታገኙታላችሁ። አበባው ትናንሽ፣ ነጭ፣ ተሰብስቦ የሚወጣ ነው። ለዓይን ብዙም አይደለም። ግን በጥር ጠዋት ካበበ የግራዋ አጥር ሥር ቆም በሉ። ድምፁ የመብራት ኃይል ትራንስፎርመር ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ከአሁኑ እናጥራ። ብዙ ሰው "ቅጠሉ መድኃኒት ስለሆነ ማሩም መድኃኒት ነው" ይላል። ንቧ ግን የቅጠሉን ጭማቂ አትነካም። የምትቀስመው የአበባውን ወለላ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ማሩ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ሐዋሳ ወባ ያለበት አካባቢ ነው፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር እንጂ በማንኪያ ማር አይሸኝ።

ወሩን ጠይቁ

ማሩን ከማየታችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ "መቼ ተቆረጠ?" ነው። ግራዋ በአብዛኛው የሚያብበው በበጋው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ደጋና ቆላ ይለያያል። ንቧ የምትወደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው አበባ ደርቆ እሱ አለ።

ከዚያ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል የሲዳማ ቡና ያብባል። ቡና ሲያብብ አገሩ ሁሉ ነጭ ይሆናል፣ ንቧም ወደዚያ ትዞራለች። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ሁለተኛ ጥያቄ "የተቆረጠው ቡና ከማበቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" የሚል ነው። ንብ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ወሬ ይጀምራል። የትኛው ዝናብ ቀደመ፣ የትኛው ቀፎ ቀድሞ ሞላ፣ ሁሉን ይነግራችኋል። ነጋዴ ብቻ የሆነው "ንጹሕ ማር ነው" ብሎ ይደግማል።

በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠ ማር ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን እሱ የክረምት ማብቂያ አበቦች፣ የእነ አደይ አበባ ማር ነው። ያንን ግራዋ ብሎ የሚሸጥላችሁን አመስግናችሁ እለፉት።

መቶ በመቶ የግራዋ ማር የሚባል ነገር የለም። ንብ አጥር አታውቅም፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ ትሄዳለች። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መለኪያ ማሩ ውስጥ ካለው የአበባ ብናኝ 45 በመቶ ያህሉ ከአንድ ተክል ከሆነ በዚያ ተክል ስም ይጠራል የሚል ነው። የቀረው ባሕር ዛፍም ብሳናም ይሆናል። ሻጩ "ትንሽ ተቀላቅሏል" ካላችሁ እውነቱን ነው የነገራችሁ።

ቅመሱ፤ ግን ምሬቱን ለዩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሳትቸኩሉ ሥሩት። ቡና ጠጥታችሁ አትሂዱ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያዙ፣ ምላሳችሁ ላይ አሟሙት፣ ዋጡት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። የግራዋው ምሬት የሚመጣው ጣፋጩ ካለፈ በኋላ ነው። ለስለስ ያለ ነው፣ ከጉሮሮ በኩል ይመጣል፣ አይቆይም።

ሌላ ምሬት አለ፤ የጭስ። በባህላዊ ቀፎ ማር የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ማታ፣ በጭስ ነው። ቆራጩ ጭሱን ካበዛው ማሩ ይጨሳል። ይህ ምሬት አፍ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይሰማል፤ ከመቅመሳችሁ በፊትም አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ኩበት ኩበት ይሸታል። እኔ አንዴ ይህንን "ጠንካራ ግራዋ" ብዬ ሁለት ኪሎ ገዝቼ፣ ቤት ስገባ ባለቤቴ ከፍታ አሸተተችውና "ደግሞ ከየትኛው ማድ ቤት ነው ያመጣኸው?" አለችኝ።

ሦስተኛው የማቃጠል ምሬት ነው። የረጋ ማር በፍጥነት እንዲቀልጥ እሳት ላይ ጥደውት ሲያርር የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ይይዛል። ቀለሙም ይጠቁራል፣ ሽታው ይጠፋል።

መጎምዘዝ ከተሰማችሁ ደግሞ ነገሩ ከምሬት ጋር አይገናኝም። ወይ እጭና የአበባ ብናኝ አብሮ ተጨምቋል፣ ወይ መፍላት ጀምሯል።

ቀለሙን ብዙ አትመኑት። እኔ የምገዛው ጠንከር ያለ ሻይ ይመስላል። ግን እንደ ወቅቱና አብሮት እንደገባው አበባ ይቀያየራል። ገበያ ላይ "የጣዝማ ማር" የሚባለውም ሌላ ነው። እሱ መሬት ውስጥ የምትኖረው፣ የማትናደፈው ትንሿ ጣዝማ የምትሠራው ቀጭን ማር ነው፤ ከግራዋ ጋር ምንም አያገናኘውም።

የክብሪቱን ነገር ተዉት

ሁሉም ሰው ፈተና ያውቃል። ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር። ውኃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ማየት። ጉንዳን ይቀርበዋል ወይ ብሎ መጠበቅ። ከልቤ ልንገራችሁ፣ አይሠሩም። ወፈር ተደርጎ የተፈላ ስኳርም ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። ክብሪት ካልጫረ ደግሞ የነገራችሁ እርጥበት መኖሩን እንጂ ስኳር መኖሩን አይደለም። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር በእርግጠኝነት የሚለየው ላብራቶሪ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሰፈፉ፣ ማለት ከሰም እንጀራው ጋር፣ ግዙ። የታሸገ እንጀራው፣ ማለት ንቧ በሰም የከደነችው ክፍል፣ ሲሆን የተሻለ ነው። ንብ ክዳኑን የምታደርገው ማሩ ሲበስል፣ ውኃው ሲቀንስ ነው። ክፍት ጉድጓድ የበዛበት እንጀራ ያልደረሰ ማር ነው።

ወለላ፣ ማለት ከሰፈፉ ተለይቶ የተጣራ ማር፣ ከሆነ ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙስ ገልብጡ፤ አንዱ ከዚህ በፊት የምታምኑት ማር፣ ሌላው አዲሱ። ሁለቱም አንድ ቦታ ቆይተው ሙቀታቸው እኩል መሆን አለበት። ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ በቀጭኑ ማር ውስጥ ትሮጣለች፤ በወፍራሙ ውስጥ ቀስ ብላ ትወጣለች።

ኪሎና ሊትር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ማር ከውኃ ይከብዳል። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ ቢሞላ 700 ግራም አካባቢ ነው። ይህችኑ ሃይላንድ "አንድ ኪሎ ናት" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው 300 ግራም ቀንሶባችኋል። የሊትሯን ሃይላንድ በኪሎ ዋጋ ከሸጠላችሁ ደግሞ እናንተ ተጠቅማችኋል፤ ዝም ብላችሁ ክፈሉ። ሚዛን ካለ ባዶውን ጠርሙስ መጀመሪያ አስመዝኑ። ሚዛኑ ግን ትንሽ ውኃ መቀላቀሉን አይነግራችሁም፤ ልዩነቱ ጥቂት ግራም ስለሆነ።

ውኃው ከበዛ ምን ይሆናል

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ማር ውስጥ ያለ ውኃ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ ሲያልፍ ማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ይነሣል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአንድ ነጋዴ በገዛሁት አምስት ሊትር ጀሪካን ነው። ጣዕሙ ጥሩ ነበር። ቀጠን ማለቱን አይቻለሁ፤ "ትኩስ ስለሆነ ነው" አለኝ፤ አመንኩት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካኑ ሆዱ ተነፍቶ በአንድ ጎኑ ተኝቷል። ክዳኑን ገና ሩብ ዙር ሳዞረው ፉ... ብሎ ፈነዳ። አረፋው ከሸሚዝ እስከ ካልሲ ያልነካው አልነበረም። ለጠጅ አደረግኩት። ሰውየውን ሄጄ ስነግረው "ታዲያ ጠጅ ለማር ሞቱ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ብዙ የምትገዙ ከሆነ፣ ሪፍራክቶሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች። አንድ ጠብታ ማር አስቀምጣችሁ ወደ ብርሃን ስታዩባት የውኃውን መጠን ታነባለች። ማር የሚሰበስቡ ማኅበራት አንዳንዶቹ አላቸው። አንድ ጊዜ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ማጥራት

ከነሰፈፉ የገዛችሁትን በመጀመሪያ ለዩት። እጭ ያለበትን፣ ጥቁር ያረጀውን፣ ብናኝ የታጨቀበትን ቁራጭ አውጡ። ከታሸገው ጋር ከጨመቃችሁት ጣዕሙን ያበላሽባችኋል፤ የግራዋው ስስ ምሬት በጉምዛዜ ይሸፈናል።

የቀረውን በደረቅ ቢላ ቆራርጡ። "ደረቅ" የሚለውን ልብ በሉ፤ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። ወንፊት ላይ ንጹሕ ሻሽ ወይም ያረጀ የነጠላ ቁራጭ አንጥፉ፣ ከሥሩ ሰፊ ዕቃ አድርጉ፣ ቆራርጣችሁ ጨምሩበትና ክደኑት። ሐዋሳ ሞቃት ናት፤ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል፣ ግን ፀሐዩ ሳይነካው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከዋለ አብዛኛው ራሱ ይወርዳል። አትጭመቁት። የተጨመቀው ይደፈርሳል፤ እሱን ለብቻው ለጠጅ አስቀምጡት።

የወረደውን ወለላ ሁለት ቀን አስቀምጡት። አረፋና የሰም ፍርፋሪ ከላይ ይሰፍራል። በማንኪያ ገፍፋችሁ ወደ ጠርሙስ ገልብጡ። በዝናብ ቀን ይህን ሥራ አትጀምሩ፤ ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል።

ማስቀመጫው ብርጭቆ ይሁን። ክዳኑ ይጥበቅ። ከበርበሬና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከላምባ ደግሞ የባሰ፣ አርቁት፤ ሽታ ይስባል። እርጥብ ማንኪያ የሚያስገባበትን ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ተቆጡት፣ ይበቃዋል።

ማሩ ከረጋ አልተበላሸም። ስኳር ስለተቀላቀለበት ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ለማቅለጥ ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሙት። ውኃው 40 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለት እጃችሁ ገብቶ ሳይጨነቅ የሚቆይበት ይሁን። ሲበርድ ቀይሩ። እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ ከላይ ያልኩትን ሦስተኛ ምሬት መጥራት ነው።

የት የት ይገባል

እኔ በመጀመሪያ የማደርገው ጨጨብሳ ላይ ነው። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ከዚያ በላዩ የግራዋ ማር። ምሬቷ ቅቤውን ትቆርጠዋለች። ትኩስ ቂጣም፣ ገንፎም ይሆናል። ሻይ ላይ ደግሞ ዝንጅብልና ሎሚ ካለበት ግሩም ነው፤ ሻዩ ለብ ሲል ጨምሩት፣ ሽታው እንዳይጠፋ። አብሽ ላይ ግን አልመክርም። አብሹም የራሱ ምሬት አለው፤ ሁለት መራራ ተደርቦ ማን ይጠጣል? ለአብሽና ለተልባ ሌላ ማር ፈልጉ።

ለሳል፣ ማታ ከመተኛት በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ጉሮሮን ያለሰልሳል። ይህ የማር ሁሉ ጸባይ ነው፤ ግራዋ ስለሆነ የሚጨምረው ነገር የለም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ማር ጭራሽ አይቅመስ፤ በጣት ነክሮም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። አያቶች እንደማይወዱት አውቃለሁ። ቢሆንም ንገሯቸው። ስኳር ሕመም ያለበትም "መራራ ስለሆነ አይጎዳኝም" እንዳይል፤ አምስት እጅ ቢሆን አራቱ ስኳር ነው። የገበያ ማር ቃጠሎና ቁስል ላይ አትቀቡ፤ ሐኪም ቤት የሚጠቀሙት ተጣርቶ ለዚያ የተዘጋጀ ነው።

ጠጁ

የግራዋ ማር ቤቱ እዚህ ይመስለኛል። ጌሾ መራራ ነው፣ ማሩም ትንሽ ምሬት አለው፤ ስለዚህ ጌሾውን ቀነስ ታደርጋላችሁ፣ ጠጁ ግን አይቀልም።

ዕቃውን እጠቡ። በምን? በግራዋ ቅጠል ነዋ! እናቶቻችን እንስራና ጋን የሚያሹበት እሱ ነው። ቅጠሉን ከውኃ ጋር እያሻችሁ ውስጡን ፈትጉ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። ቅሪቱ ከቀረ ያን የልጅነት ምሬት ብርሌ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አንድ ሊትር ማር፣ ከሰፈፉ የተጨመቀው ድፍርሱም ይሆናል፣ በአራት ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጡ። በጨርቅ ሸፍናችሁ ሦስት ቀን ተዉት። ሰሙ ሲንሳፈፍ ግፈፉ። ይህ ብርዝ ነው፤ የማያሰክር የሚፈልግ እንግዳ ካላችሁ በመጀመሪያው ቀን ላይ ቀንሱለት፤ ሦስት ቀን ከቆየ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

ከዚያ ከብጥብጡ አንድ ሊትር ያህል ቀድታችሁ ከ100 እስከ 150 ግራም የጌሾ እንጨት ጨምሩበትና ሩብ ሰዓት አፍሉት። ሲቀዘቅዝ ወደ ጋኑ መልሱት። በየቀኑ አንድ ጊዜ አማስሉ። ክዳኑን አታጥብቁ፤ የእኔን ጀሪካን አስታውሱ። ሐዋሳ ውስጥ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይደርሳል፤ ሀገረ ሰላም ብርድ ላይ ብትጥሉት ይዘገያል። ጌሾው ወደ ታች ሲሰጥም፣ አረፋው ሲበርድ፣ ቅመሱ። ጣፋጩ ካልበዛ በሻሽ አጥልሉት።

ማጥለያው ላይ የቀረውንና ቀድማችሁ የገፈፋችሁትን ሰም አትጣሉ። በውኃ አፍልታችሁ በጨርቅ ስታጠልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ቢጫ ሰሌዳ ሆኖ ከላይ ይረጋል። እኔ የዓመቱን አጠራቅሜ ለገብርኤል ክብረ በዓል ጧፍ ለምትሠራ አንዲት እናት እሰጣታለሁ። ባለፈው ጊዜ አሸተተችውና "ይኼ የጥር ማር ነው አይደል?" አለችኝ።